ስለ ያፌት የተዋጡ ኪኒኖች

በኮዬ ሰፈር ሰው ጠዋት ደረጃ ላይ ከጎረቤቱ ጋር ሲገጣጠም እንደ ድሮው «እንዴት አደርሽ» ይላል። መልሱ ግን ረዝሟል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሮዟን ወስጄ ደህና አደርኩ» ትላለች አንዷ። «እኔንስ ሮዟ ሆዴን አላስቀምጥ ብላኝ ወደ ባለ ሁለት ቀለሟ ተመልሻለሁ» ትላለች ሌላዋ። ይኼኔ የመጀመሪያዋ ቦርሳዋን ትበረብርና «እንግዲያው ይቺን ሞክሪያት፤ እኔን ለአንገቴ ነው ያዳነችኝ፣ ለሆድም ሳትሆን አትቀርም» ብላ አንድ ፍሬ ኪኒን ታቀብላታለች። ተመሰጋግነው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ።

በየፎቁ፣ ሊፍቱ አጠገብ፣ ግድግዳው ውስጥ የተገጠመ የኪኒን ሣጥን አለ። አውራ ጣት ሲያርፍበት ይከፈታል፤ የት ጋ አመመህ፣ ከመቼ ጀምሮ ብሎ አይጨቀጭቅም። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ለትኩረት የሚሆናቸው ኪኒን የምሳ ዕቃቸው ክዳን ላይ ተለጥፎላቸው ነው። አውቶቡሱ ሹፌር ከተወ ቆይቷል፤ ሻጭ ግን አልተወም። «ራስ ምታት፣ ቃር፣ ንዴት፣ የአለቃ» እያለ ከወንበር ወንበር ይዞራል። የአለቃ የሚባለው ከስብሰባ በፊት የሚዋጠው ነው። ፋርማሲ የሚባል ነገር ያዩ አዛውንቶች አሁንም አሉ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የሐኪም ወረቀት ካላመጣችሁ አልሰጥም ይል እንደነበር ሲያወሩ ወጣቶቹ እንደ ተረት ያዳምጧቸዋል።

ሄራን የምትሠራው እነዚያ አውቶቡሶች በሚታጠቡበት ግቢ ነው። ሃምሳን አልፋለች። ጠዋት ለአቧራው አንድ፣ ለጉልበቷ አንድ ትወስዳለች፤ ከምሳ በኋላ ለቃሩ፤ ማታ ለእንቅልፉ። ከእነዚህ ሌላ ለምን እንደጀመረቻት የማታስታውሳት አንዲት አረንጓዴ ነበረች። ልተዋት ብላ ታስብና፣ ምናልባት እስከ ዛሬ ደህና ያደረገችኝ እሷ ብትሆንስ ብላ ትውጣታለች። በዚህ ረገድ ከሰፈሩ ሰው የተለየች አልነበረችም። ባሏ ያፌትም እንደዚያው ነው።

ኪኒን ሁሉም ለየራሱ ይውጣል፤ መታመም ግን ለብቻ አይቻልም። ሰው አልጋ ላይ ሲውል ጎረቤት ይጠይቀዋል። ብርቱካን ይዞ መሄድ ቀርቷል፤ አሁን የሚኬደው «ያዳነኝን» ይዞ ነው። ያዳነኝ ማለት ጠያቂው በራሱ ላይ አይቶ የመሰከረለት ኪኒን ነው። በሽተኛው እግሩ ይሰበር፣ ሳንባው ይታመም፣ ጠያቂው የሚያመጣው እሱን ራሱን ያዳነውን ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መውጣት ደግሞ ነውር ነው። ጠያቂው ከአልጋው ጠርዝ ይቀመጥና እንደ ጉርሻ በገዛ እጁ በሽተኛው አፍ ውስጥ ያኖራል፣ «በሞቴ» ይላል፣ ውሃ ያጠጣል፣ መዋጡን አይቶ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ይነሳል። እጅ መመለስ ማለት እጅህ ክፉ ነው ማለት ነው። ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖር አንድ ሰውዬ አንድ ጊዜ ፊቱን አዙሮ ነበር ይባላል። እሱ ሲሞት ሬሳውን ከቤት ያወጡት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ናቸው።

ያፌት ሊፍት ጠጋኝ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የአንዱ ሊፍት የሽቦ ገመድ ባቱን ቧጨረው። ጭረት ናት፤ ቁም ነገር ብሎ ያያት የለም። ሰንበትበት ስትል ቀላች፣ አበጠች። ያፌት እንደ ማንኛውም ሰው የራሱ ሐኪም ራሱ ነውና ሮዟን ጀመረ። እብጠቱ ጋብ ሲልለት ተዋት። እብጠቱ ሲመለስ ወደ ባለ ሁለት ቀለሟ ዞረ፤ እሷንም እንዲሁ ጀምሮ ተዋት። ከሣጥኑ ያልሞከረው ሲያልቅበት ከጎረቤት የተረፈ ለመነ። በመጨረሻ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ መሬት መርገጥ ሲያቅተው ሄራን ደግፋ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪም ቤት የሚኬደው ለመሞት ነው ስለሚባል፣ ሊፍት ውስጥ ያገኟቸው ሰዎች ሰላምታ ሰጥተው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ዘነበች ትባላለች፤ ስሙ ከአሁኑ ልጆች ጋር ተመልሶ የመጣ ነው። የያፌትን ደም አይታ ስታበቃ ወደ እሱ ዞረች።

«በእርስዎ ላይ የሚሠራ አንድ መድኃኒት ቀርቷል» አለችው። «አንድ ብቻ። እሱም ደምዎ ውስጥ ሌላ ነገር ካገኘ ይገድልዎታል እንጂ አያድንዎትም።»

«ታዲያ ይስጡኝ» አለ ያፌት።

«አሁን አልችልም። ደምዎ ሙሉ ነው። መጀመሪያ ባዶ መሆን አለብዎት።»

ባዶ በኮዬ ስድብ ነው። ባዶ ማለት ምንም ሳይወስድ የሚውል፣ ሣጥኑ የማይከፈትለት፣ ቢታመም አጉራሽ የሌለው ሰው ነው። ያፌት ፊቱ ተለዋወጠ። ዶክተሯ ይህን ስታይ ወደ ሄራን ዞረች። እስከ መጪው ዓርብ ድረስ ከምግብና ከውሃ በስተቀር በአፉ ምንም እንዳይገባ አለቻት። ዓርብ ጠዋት ደሙ ይታያል። ንጹሕ ከሆነ መርፌውን ይወጋል። አንዳች ነገር ከተገኘበት ግን መድኃኒቱ ወረፋ ለሚጠብቀው ለቀጣዩ ሰው ይሄዳል፤ የያፌትም እግር ከጭኑ ይቆረጣል፤ መቆረጡ ስለማዳኑም እሷ ቃል አትገባም።

«ከተወጋ በኋላስ?» አለች ሄራን።

«እስኪድን ድረስ ያው ነው። አንዲት ፍሬ አይሆንም። የራስ ምታት እንኳን።»

«ሰው ሊጠይቀው ይመጣል እኮ፣ ዶክተር።»

«ይንገሯቸዋ።»

ሄራን ዶክተሯን የት ሰፈር ነው ያደጉት ብላ ልትጠይቃት አሰበች፤ ከዚያ ተወችው።

ቅዳሜን ያፌት በእንቅልፍ አሳለፈ። እሑድ አላበው፣ ተንቀጠቀጠ፣ አንሶላውን በጥርሱ ነከሰ። ሰኞ ንዴቱ መጣ። የንዴቷን ኪኒን ከመጋባታቸው በፊት ጀምሮ ሳያቋርጥ ይወስድ ስለነበር ሄራን ባሏን ተናዶ አይታው አታውቅም። በሠርጋቸው ዕለት ወንድሟ የተናገረውን አንድ ነገር አነሳ። እሷ ረስታዋለች፤ ወንድሟም ከሞተ ቆይቷል። ያፌት ግን ዛሬ የተባለ ይመስል ጮኸ፣ ትራሱን ወረወረ። ከዚያ በገዛ ድምፁ ደነገጠ። ከዚያ ደግሞ ሳቀ። ሄራን ምን እንዳሳቀው ሳታውቅ አብራው ሳቀች።

ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ስታቀርብለት ፊቷን ትኩር ብሎ አያት።

«ፀጉርሽ ሸብቷል» አላት።

«ዛሬ ነው ያየኸው?»

«ዛሬ ነው ያየሁት። ያምርብሻል።»

ሄራን ወጥ ቤት ገብታ መስኮቱ ፊት ቆመች። ከዚህ ሰው ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ስትኖር እንዲሞትባት ትፈልግ አትፈልግ እንደሆነ ተቀምጣ ያሰበችበት ጊዜ ያለ አይመስላትም። አሁን ግን አሰበች። እንዲሞትባት አልፈለገችም። ዓርብ በጣም ራቀባት።

ጥየቃው የተጀመረው በዚያው ዕለት ነው፤ መጀመሪያ የመጡትም እትዬ ሶልያና ናቸው። ሶልያና ድሮ የሕፃናት ስም ነበር ይባላል። ዛሬ ሶልያና ሲባል የሚታሰበው ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጉልበቷን እያሸች በረንዳ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ አሮጊት ነው። እትዬ ሶልያናም እንደዚያው ናቸው። በራቸው ከሄራን በር ፊት ለፊት ነው። የያፌት እናት ፋብሪካ በምትውልበት ዘመን ያፌትን አዝለው፣ አጥበው፣ ቆንጥጠው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከልጃቸው ከብዙነሽ ጋር ይኖራሉ፤ ብዙነሽም ያፌትን እንደ ታላቅ ወንድሟ «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው።

«ተኝቷል፣ እትዬ» አለች ሄራን በር ላይ ሆና።

«እስኪነቃ እቀመጣለሁ። ምን ሥራ አለኝ?»

«ሐኪም ደግሞ ከልክሎታል። እስከ ዓርብ ምንም እንዳይወስድ ብሏል።»

እትዬ ሶልያና ሳቁ። «ሐኪም ሥራው መከልከል አይደል እንዴ፣ ልጄ? እኔን ጨው ከከለከለኝ ስንት ዘመኑ። ይቺ ለልብ ናት፤ ያቺን ሰሞን ከሞት የመለሰችኝ እሷ ናት። ልብ ከጠና ደግሞ እግር ምን ይሆናል?» ብለው መዳፋቸውን ከፈቱ። ነጭ፣ ጠፍጣፋ ኪኒን ናት። ከቤታቸው ጀምሮ ጨብጠዋት ስለመጡ ጠርዟ በላብ ሟሙቷል።

ሄራን አይሆንም ማለት ነበረባት። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። ግን ሰውየውን በጀርባቸው አዝለው ላሳደጉ ሴት፣ በገዛ በሩ ላይ፣ እጅዎን ይመልሱ ማለት እንዴት ይቻላል? ይሉኝታ ያዛት። ፊቷን አቀረበችላቸው።

«ለእኔ ያጉርሱኝ፣ እትዬ። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ አይደል? እኔ ጋ ከገባ ለእሱም ይደርሰዋል።»

አሮጊቷ አሰቡ። ሰምተውት የማያውቁት ነገር ነው፤ ቢያገላብጡትም ስህተት አላገኙበትም።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «በሞቴ።»

ሄራን ዋጠች። እትዬ ሶልያና ውሃውን ራሳቸው ይዘው አጠጧት፣ ጉንጯን ስመው ወጡ።

ወሬው በደረጃው ላይ ወጥቶ፣ በሊፍቱ ወርዶ፣ ከማምሸቱ በፊት ሕንፃውን አዳረሰ። ማንም አልተቀየመም። እንዲያውም ሴቶቹ የእንዲህ ያለች ሚስት ነገር ልባቸውን ነካቸው፤ አንዳንዶቹም ባሎቻቸውን በነገር ወጋ አደረጉ። ረቡዕ ዕለት ጠያቂ ከጠዋት ጀምሮ አልተቋረጠም። አንዷ የደም ግፊት፣ አንዱ የሆድ ድርቀት፣ አንዷ ወልዳ በተኛችበት ጊዜ ያዳናትን ይዛ መጣች። የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ናሆም ሁለት ይዘው መጡ፤ አንዱን በራሳቸው ስም፣ አንዱን በዕድሩ ስም አጎረሷትና በአባላቱ ስም አጭር ንግግር አደረጉ። ሄራን ሁሉንም አመሰገነች። ምላሷ ሥር ልትደብቅ ሞክራ ነበር፤ ጠያቂ ግን ውሃ አጠጥቶ፣ ትንሽ አጫውቶ፣ ተጨማሪ ውሃ አጠጥቶ ነው የሚሄደው። ሰው ሲወጣ መጸዳጃ ቤት ገብታ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ትከታለች። የወጣው ይወጣል፣ የቀረው ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጆሮዋ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ገባ። አፏ ደረቀ፤ ከዚያ ደግሞ ያለ ምክንያት ሳቋ መጣ፤ የአምስተኛ ፎቋ ሴትዮ ስለ ሟች ባሏ እያወራች ሳለ ሳቀችባት። ሴትዮዋም የሆነ ጥሩ ነገር ወስዳለች ብላ ገምታ ስሙን ጠየቀቻት።

ያፌት ከመኝታ ቤት ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። ባዶ ከሆነ ወዲህ ጆሮው ተከፍቷል።

«ሄሪ፣ ተይ» አላት ለመጨረሻዋ ጠያቂ በር ዘግታ ስትመለስ። «ንገሪያቸው። አይሆንም በያቸው።»

«ዓርብ ደረሰ።»

«ዓይንሽን አላየሽውም። ቢጫ ሆኗል።»

«ዓርብ ደረሰ አልኩህ። አንተ ዝም ብለህ ባዶህን ተኛ» አለችው፤ የሰፈሩ መጥፎ ስድብ ለባሏ ከአፏ እንደ ቁልምጫ ሲወጣ ሁለቱንም አሳቃቸው።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ከላይኛው ፎቅ አንዲት ወፍራም ሴትዮ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ይዛ መጣች። ለምን እንደሆነ ተናግራለች፤ ሄራን ግን በጆሮዋ ፉጨት የተነሳ አልሰማቻትም። ዋጠች። ሴትዮዋን ሸኝታ ሳሎን ያለው ሶፋ ላይ ትንሽ አረፍ አለች። በሩን እንዳልቆለፈችው ትዝ ብሏታል። ልነሳና ልቆልፈው ብላ አሰበች። ማሰቧን ነው የምታስታውሰው።

ስትነቃ ብርሃኑ የጠዋት ነው። ጋቢ ለብሳለች። ያፌት ሱሪውን ለብሶ፣ የታመመውን እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ ከፊቷ ተቀምጧል።

«ቀኑ ምንድን ነው?»

«ዓርብ።»

በሩን አየችው፤ ተዘግቷል። «ማን ገባ? ትናንት ማን ገባ? ምን አጎረሱህ?»

«እኔን ማንም አላጎረሰኝም።»

«አትዋሸኝ፣ ያፌት።»

«ማንም አላጎረሰኝም» አለ እንደገና። «እትዬ ሶልያና ሊያዩሽ መጥተው ነው ያገኙሽ። ትንፋሽሽን አዳመጡ፣ ጋቢ አለበሱሽ። ከዚያ ወንበር አውጥተው በሩ ላይ፣ ከውጭ ተቀመጡ። የመጣውን ሁሉ ‹ሚስቱ ደክማ ተኝታለች፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ለእኔ አጉርሱኝ› ይሉታል። ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ። ልነሳ ስል ሰሙኝና በሩን ሳቡት። ‹አንተ ባዶህን ተኛ፣ ነገ ዓርብ ነው› አሉኝ። ጮህኩ፣ ሄሪ። ንዴቱ ነው አሉና ሰዎቹ ሳቁ። እጀታውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ እኔ ደግሞ በአንድ እግሬ…»

«ብዙ ሰው መጣ?»

«እስኪመሽ አልተቋረጠም።»

ሄራን ግድግዳ ይዛ ተነሳች። ኮሪደሩን ተሻግራ የእትዬ ሶልያናን በር አንኳኳች። ብዙነሽ ፀጉሯን እያበጠረች ከፈተች።

«እማዬ ተኝታለች» አለች። «ደክሟታል። የእግዜር እንግዳ ሲያስተናግድ የዋለ ሰው እንዴት አይደክመው? ሂዱ እናንተ፣ አውቶቡሱ ያመልጣችኋል። ስትነሳ ሻይ እሰጣታለሁ።»

ሄራን ገብታ ልታያቸው ፈለገች። የሐኪም ቤቱ ሰዓት ግን አይጠብቅም፤ ያፌትም ግድግዳ ተደግፎ ከኋላዋ ቆሟል። ስንመለስ አያቸዋለሁ አለች።

ደሙ ንጹሕ ነበር። ዶክተር ዘነበች ሁለት ጊዜ አየችው፤ ከኮዬ መጥቶ ደሙ ንጹሕ የሆነ ሰው አጋጥሟት ስለማያውቅ ነው። መርፌውን ወጋችው። ትንሽ ነገር ናት፤ ያፌት እንኳን ስትገባ አልተሰማውም። ዶክተሯ ፕላስተር ስትለጥፍለት ሄራን ላይ ዓይኗ አረፈ።

«እርስዎ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ።»

«ምን ወስደዋል?»

«የእሱን» አለች ሄራን። ዶክተሯ አልገባትም፤ ሄራንም አላብራራችላትም።

ከአውቶቡስ ሲወርዱ ከሕንፃው ፊት ለፊት ድንኳን እየተተከለ ነው። ጋሽ ናሆም ምሰሶ የሚያቆሙትን ያዝዛሉ። ሄራን ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። ያፌትም አልጠየቀም። ብዙነሽ ሻይ ይዛ ስትገባ እትዬ ሶልያና በተኙበት ቀዝቅዘው ነበር ያገኘቻቸው። ዕድሜያቸው ነው ይል ነበር ሰው። በዚያ ላይ ትናንት ጥሩ ቀን ነበር የዋሉት፣ ሕንፃው በሙሉ ሲያጎርሳቸው።

የኮዬ ለቅሶ ጸጥ ያለ ነገር ነው። ድንኳኑ በር ላይ ትሪ ይቀመጣል፤ ትሪው ላይ የሐዘኗ ኪኒን አለች፤ ገቢው አንድ አንድ አንስቶ ይውጥና ይቀመጣል። ከዚያ ካርታ ይጫወታል፣ ስለ ውሃ መጥፋት ያወራል፣ ስለ ሟች ደግ ደጉን ይናገራል። የሚያለቅስ የለም። ሬሳው የተገኘ ሰዓት ጎረቤቶች ደርሰው ብዙነሽን አጉርሰዋታል፤ እሷም ድንኳኑ መሃል ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ረግቶ፣ መጪውን ተቀምጣ ትቀበላለች።

ያፌት በሄራን ትከሻ ተደግፎ ገባ። ትሪውን አለፈው። ብዙነሽን አያት፣ ከጎኗ የተዘረጋውን የእትዬ ሶልያናን ነጠላ አየ። አፉን ከፈተ።

የወጣው ድምፅ ለአብዛኛው ሰው እንግዳ ነበር። ልጆቹ የሆነ ነገር የተሰበረ መስሏቸው ወደ ድንኳኑ ጣራ አዩ። አዛውንቶቹ ብቻ ናቸው ምን እንደሆነ ያወቁት፤ እነሱም አቀርቅረው እግራቸውን አዩ። ያፌት አግዳሚው ላይ ወድቆ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ ያለቅሳል። «እማ ሶሊ» ይላል። ሕፃን ሳለ የሚጠራቸው እንደዚያ ነበር።

«ሰውየው አሞታል» አሉ ጋሽ ናሆም። «አንድ ሰው ይርዳው እንጂ።»

ብዙነሽ ተነሳች። ከትሪው አንዲት ፍሬ አንስታ በሁለት ጣቷ ይዛ መጣች፣ ፊቱ ላይ ጎንበስ አለች። ሐዘንተኛ ራሷ ናት አጉራሿ። ከሷ እጅ ይልቅ ለመመለስ የሚከብድ እጅ በኮዬ የለም፤ ድንኳኑ በሙሉ ያንን ያውቃል።

«ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ» አለች። «በእማዬ ሞት።»

የያፌት አፍ በለቅሶው እንደተከፈተ ነው። ኪኒኗ ከንፈሩ ጋ ደርሳለች። ሄራን ፊቷን አስጠግታ ለእኔ አጉርሺኝ ልትል ነበር። ጆሮዋ አሁንም ያፏጫል፤ ነጠላው ደግሞ ከፊቷ ተዘርግቷል።

«አይሆንም» አለች።

ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ካርታ የያዙት ጨዋታቸውን አቆሙ።

«ብዙነሽ፣ እጅሽን መልሺ። አይወስድም።»

«ያመዋል እኮ፣ ሄሪ» አለች ብዙነሽ። «እስቲ ስሚው።»

«ይመመው። ያሳደጉት ናቸው የሞቱት። ሐኪሟ አንዲት ፍሬ ከገባችበት ይሞታል ብላለች፤ ይህን ማክሰኞ ዕለት ለእትዬ መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ። አፍሬ አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ከእኔ አይተው ነው በራችን ላይ የተቀመጡት። እናትሽን የገደላቸው የእኔ ይሉኝታ ነው። ዛሬም ካፈርኩ እሱን እቀብራለሁ። ከፈለጋችሁ እኔን የሚቀብረኝ ይጥፋ፤ እሱ ግን አይወስድም።»

በኮዬ እንዲህ ያለ ነገር በድንኳን ውስጥ ተሰምቶ አይታወቅም። ጋሽ ናሆም እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ቀጥሎ በየአግዳሚው ላይ የኪኒን ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ሁሉም ለድንጋጤው አንድ አንድ ዋጠ። ውሃው በጀግ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ብዙነሽ ብቻ አልዋጠችም። ኪኒኗን እንደያዘች ቆማ ያፌትን ታየዋለች። አፍንጫው ይፈሳል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ስለ እናቷ ያለቅሳል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በቅርብ አይታ አታውቅም። የራሷን ጉንጭ በእጇ ጀርባ ነካችው፤ ደረቅ ነው። ኪኒኗን ወደ ትሪው መልሳ መጣችና ከጎኑ ተቀመጠች፣ እጁን ያዘችው።

«ያጎረሱኝ እስከ ነገ አይለቀኝም» አለችው ዝግ ብላ። «እስከዚያ ለእኔም አልቅስልኝ።»